በሣር ቤቱ ደጃፍ የተሰለፉ ጫማዎች

ጫማ በማውለቄ ያፈርኩት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ነገሩን ለሰው ሳወራ መጀመሪያ ይስቁብኛል፣ ቆይተው ግን ዝም ይላሉ። እናንተም ብትስቁ አልቀየምም፤ እኔ ራሴ የዚያን ቀን ጠዋት ከቤቴ የወጣሁት እየሳቅሁ ነበር።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ከዳላስ ወጣ ብላ በምትገኘው በጋርላንድ እኖር ነበር፤ ሥራዬም የተማሪዎች አውቶቡስ መንዳት። አዎ፣ ያንን ረጅሙን ቢጫ አውቶቡስ። አዲስ አበባ ሳለሁ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ደብዳቤ የምተይብ ሴት ነበርኩ፤ መሪ መጨበጥ ቀርቶ ከሹፌር ጎን መቀመጥ ያስፈራኝ ነበር። እዚህ ስመጣ ሥልጠናው በነፃ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ እረፍት ነው ሲሉኝ ገባሁበት፤ ሳላስበውም ወደድኩት። ስንዱ እባላለሁ፤ ልጆቹ "ሚስ ስንዱ" ይሉኛል።

ስለ ጠባዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኩሩ ነኝ። ሰው ዝቅ አድርጎ ያየኝ ሲመስለኝ መልስ ሳልሰጥ አላድርም፤ በአፌ ካልቻልኩ በአድራጎቴ እመልሳለሁ። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ "ይቺ ልጅ ትሕትና በደጇም አላለፈ" ይሉኝ ነበር። ያኔ እንደ ሙገሳ ነበር የምሰማው።

ከማመላልሳቸው ልጆች መካከል ፌቨን የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ጽጌ በአንድ አፓርትመንት ግቢ የምንኖር ጎረቤቴ ናት፤ ቤተ ክርስቲያንም አብረን ነው የምንሄደው። ኤርፖርት ለአውሮፕላን ምግብ የሚያዘጋጅ ኩሽና ውስጥ ትሠራለች፣ ልጇን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። ፌቨን ሁልጊዜ ከኋላዬ ካለው ወንበር ላይ ትቀመጥና በመስታወቱ እያየችኝ በእንግሊዝኛና በተሰባበረ አማርኛ ስታወራኝ ትውላለች። ያን ሰሞን ወሬዋ ሁሉ ስለ ቤት ነበር። ክፍላቸው ስለ ነባር ሕዝቦች ይማር ነበር፤ ነጭ ሳይመጣባቸው በፊት እንዴት ይኖሩ እንደነበር፣ ምን ዓይነት መጠለያ ይሠሩ እንደነበር። አንዱ ልጅ የበረዶ ቤት፣ አንዷ የቆዳ ድንኳን በጫማ ካርቶን ላይ ሠርተው አውቶቡስ ውስጥ ይዘው ይገባሉ። የፌቨን ድርሻ የአውስትራሊያ ነባር ሰዎች ከዛፍ ቅርፊት የሚሠሩት መጠለያ ነበር። ቅርፊቱን ከግቢያችን ውስጥ ከወደቀ ግንድ ላይ አብረን ነው የላጥነው። ሙጫው አልይዝ ስላለ እኔ መንገድ ስታጠፍ እሷ ጣሪያውን በሁለት እጇ ደግፋ ትይዝ ነበር።

የትምህርቱ መዝጊያ የአንድ ቀን ጉዞ ነበር። ከከተማው ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ተነድቶ፣ በዛፍ በተከበበ ሜዳ ላይ አንድ የሣር ቤት አለ። ቴክሳስ ቴክሳስ ሳትባል በፊት በዚያ በኩል ይኖሩ የነበሩት የካዶ ሰዎች ይሠሩት በነበረው ዓይነት፣ ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ ነው። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ነበር። ልጆቹ ሲዘፍኑ፣ እኔም አብሬ ሳንጎራጉር ደረስን።

እንደ ደንቡ ሹፌር አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ጋዜጣዬን ዘርግቼ ሳለሁ አስተማሪዋ ሚስ ዳና ተመልሳ መጣች። ደግ ሴት ናት፤ ክፋት የላትም። "ነዪ እንጂ ሚስ ስንዱ፣ ይሄ ላንቺ እኮ አገርሽ እንዳለው ቤትሽ ነው" አለችኝ።

ተመልከቱ እንግዲህ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ከአስፋልት ዳር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። ግን ይህን ለማስረዳት ከየት ይጀመራል? ፈገግ አልኩላት እንጂ ንግግሯ አናዶኛል። አውቶቡሱን ቆልፌ ተከተልኳት።

ቤቱን ሳየው ንዴቴ ጠፋ። ክብ ነው፤ ከመሬት እስከ ጫፉ በሣር ተከድኗል፣ ቁመቱ ከአውቶቡሴ እጥፍ ይበልጣል፣ ጫፉ ላይ ሣሩ ተጠቅልሎ ታስሯል። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ትውልድ አገራቸው ስንሄድ የምናስቀድስባት ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅርጿ እንዲህ ነበር። እግሬ ከእኔ በፊት አስታወሳት።

በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። የዚያው ሕዝብ ተወላጅ ናቸው፤ ለመጣው ሁሉ የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው። ሽበታቸውን ወደ ኋላ አስረውታል፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ንግግራቸው ዝግ ያለ ነው፤ አንድ ነገር ይሉና ዝም፣ ትንፋሽ ይሰበስቡና ደግሞ ሌላ። ቤት ሲሠራ ሰፈሩ ሁሉ ተጠርቶ እያንዳንዱ እንጨቱንና ሣሩን ይዞ እንደሚመጣ፣ ባለቤቱም የሠሩለትን አብልቶ እንደሚሸኝ ነገሩን። እኛ ደቦ የምንለው ነው። መሐሉ ላይ የሚነደው እሳት እንዳይጠፋ ይጠበቅ ነበር አሉ። ልጆቹ መቁነጥነጥ ጀመሩ፤ ሚስ ዳና ሰዓቷን አየች። ሽማግሌው "እንግዲህ ከመግባታችሁ በፊት" አሉና እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ። ሚስ ዳና የጨረሱ መስሏት አመስግና አጨበጨበችና ልጆቹን ታሰልፍ ጀመር።

እኔ በዚህ መሐል ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር እፈታ ነበር።

ለምን እንደሆነ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ግማሹ የእግሬ ልማድ ነው፣ እውነቴን ነው። ግማሹ ግን ለሚስ ዳና የሰጠሁት መልስ ነበር። ይሄ እኔ የተወለድኩበት ጎጆ አይደለም፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ቤት የእግዜር ቤት ነው ማለቴ ነበር። የካልሲዬ አውራ ጣት መቀደዱን ያየሁት ካወለቅሁ በኋላ ነው።

አንዱ ልጅ ለምን ጫማዬን እንዳወለቅሁ ጠየቀኝ። አክብሮት ነው፣ እኛ አገር እንዲህ ያለ ቤት በጫማ አይገባም አልኩት፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ፌቨን እስክጨርስ አልጠበቀችም። ቁጭ ብላ አወለቀችና ጫማዋን ከጫማዬ ጎን አደረገችው። አንዷ ተከተለቻት፣ ከዚያ ሁሉም። አውቶቡስ ውስጥ መሰለፍ የማይሆንላቸው ልጆች ጫማቸውን በደጃፉ ግራና ቀኝ ደርድረው ሲያቆሙት የእሁድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ደጅ መሰለ። ሚስ ዳና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "ልጆች፣ ባህል ማለት ይሄ ነው" አለች። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እኔም ሙገሳው ሞቀኝና መሬቱ እርጥብ ነው፣ ካልሲያችሁ እንዳይጨቀይ እሱንም አውልቁት አልኳቸው።

ሽማግሌው አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እግሬን አዩ። ምንም አላሉም።

ገባን። ውስጡ ጨለም ያለና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ደረቅ ሣር ደረቅ ሣር ይሸታል። ልጆቹ ሳልነግራቸው በሹክሹክታ ያወሩ ጀመር። ልቤ እንዴት እንደሞላ ልነግራችሁ አልችልም። ፌቨን ግን አልገባችም ነበር። ደጅ ቀርታ የተጣመመውን ጫማ ሁሉ ታስተካክል ነበር፤ እሁድ እሁድ የምታየውን መሆኑ ነው።

ጩኸቷን ስሰማ እባብ መስሎኝ ነበር። ጉንዳን ነው። ይህን አገር የምታውቁ ታውቋቸዋላችሁ፤ የእሳት ጉንዳን ይሏቸዋል፣ ዝናብ ሲጥል አፈር ቆልለው ብቅ ይላሉ። ሲወጡባችሁ አይታወቁም፤ ከዚያ እንደ ተማከረ ሰው ሁሉም በአንዴ ይነክሳሉ። ፌቨን በግራ በኩል ግድግዳው ሥር፣ ቁልላቸው ላይ ቆማ ነበር። እስከ ጉልበቷ ወርሰዋታል። ሽማግሌው እንደ ሕፃን አፈፍ አድርገው አነሷት፣ በባርኔጣቸው እግሯን እየመቱ ያራግፉ ጀመር። ከውስጥ እየሮጡ የወጡት ልጆችም ረገጧቸው፤ ሜዳው በአንዴ ለቅሶ በለቅሶ ሆነ።

የሌሎቹ ለቅሶ ቆየት ብሎ በረደ። የፌቨን ግን ሌላ ነበር። ከንፈሯ አበጠ፣ ዓይኗ ጠበበ፣ ድምፅዋ እንደ አሮጊት ሻከረ። እጄን ያዘችና "ሚስ ስንዱ፣ አየር አልመጣም" አለችኝ። በአማርኛ ነበር ያለችው። ከሁሉ የማልረሳው ይህን ነው፤ ቢጨንቃት እንግሊዝኛዋን ትታ ወደ እኔ ቋንቋ መጣች፣ እኔ ግን የምሰጣት አልነበረኝም።

ሽማግሌው ከጽሕፈት ቤቱ ስልክ አምቡላንስ አስጠሩ። መጣ፣ ጭኗ ላይ መርፌ ወጓት፣ አፏ ላይ ጭንብል አደረጉላት። እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ግን አውቶቡሱን ማን ይነዳል? ሚስ ዳና አብራት ሄደች፤ እኔ አጋዥ ሆኖ ከመጣው ከአንድ ልጅ አባት ጋር ቀረሁ። ሰውየው ጫማዎቹን ሊሰበስብ ሞክሮ ነበር፤ ጉንዳኑ ውስጣቸው ገብቶ ስለነበር እጁን ተነክሶ ተወው። ልጆቹን አንድ በአንድ እያቀፍን፣ ትልልቆቹን በባዶ እግራቸው እያስረገጥን አሳፈርናቸው። የእኔም ጫማ እዚያው ቀረ። የእግሬ ጣት ከካልሲዬ ብቅ ብሎ ፍሬኑን እየረገጥኩ ያን ሁሉ መንገድ ነዳሁ።

የሚዘፍን አልነበረም። በመስታወቱ ወደ ኋላ ባየሁ ቁጥር ባዶ ወንበሯ ነው የሚያየኝ። በሬዲዮ የሥምሪት ክፍሉን ጠየቅሁ፤ የሰሙት ነገር የለም። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ጠየቅሁ፤ ያው ነው። አንድ ልጅ ከኋላ "ትሞታለች?" ብሎ ጠየቀ። አባቴ የሚደግሙትን ጸሎት በልቤ ጀመርኩት፤ ከመካከል ጠፋኝ፤ እንደገና ጀመርኩት፤ እዚያው ጋ ጠፋኝ።

ትምህርት ቤት ስንደርስ ወላጆች ተሰብስበው ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ በባዶ እግራቸው ሲወርዱ እናቶቹ መጀመሪያ እግራቸውን ያያሉ፣ ቀጥሎ እኔን። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ብወቀስ ተወቅሼ፣ ብሰደብ ተሰድቤ በወጣልኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ መሪዬን ይዤ፣ ፊት ለፊት እያየሁ ተቀምጫለሁ። አለቃዬ ሰኞ ስለ ሁኔታው ቃል ትሰጫለሽ አለኝ። ስለ ሥራዬ ማሰብ እንኳ አልቻልኩም። ሁሉም ወርደው ሲያልቁ ቤቴ ገብቼ ጫማ አጠለቅሁና በራሴ መኪና ወደ ሆስፒታሉ በረርኩ።

ጽጌ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

"አለችልኝ" አለችኝ። "አሁን እስቴብል ናት አሉ። ሌሊቱን ግን እዚህ ኪፕ እናደርጋታለን ብለዋል።"

ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ።

"ስንዱዬ፣ አስተማሪዋ ሁሉን ነግራኛለች። እኔ ቸርች ስንሄድ ጫማሽን አውልቂ ብዬ ለምኜ፣ ተቆጥቼ ነው የማስወልቃት፤ ታውቂያለሽ። አንቺን ግን አይታ ብቻ አወለቀች። ሶ እኔን አትሰማም፣ አንቺን ነው የምትሰማው። ይህን እያወቅሽ ልጄን ያስረገጥሻትን መሬት አላየሽም?"

አልጮኸችም፤ እንደ እህት ነው የተናገረችኝ። መልስ ሳልሰጥ የማላድር ሴት መልስ አጣሁ።

ፌቨን ፊቷ ገና እንዳበጠ ነበር። ስታየኝ ልትስቅ ሞከረች። ጠጋ ስል "ሹዞቹን ሁሉ ስትሬት አደረግሁ፣ አየሽ?" አለችኝ። ግንባሯን ስሜ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ሰኞ ልጆቹ ጫማቸውን ይፈልጋሉ የሚል ምክንያት ፈጠርኩና ወደ ሣር ቤቱ ተመለስኩ። ሽማግሌው ብቻቸውን ነበሩ። ጫማዎቹን ሁሉ አራግፈው፣ አንድ በአንድ ፈትሸው፣ በአንድ ረጅም ሳንቃ ላይ ፀሐይ አስመትተዋቸዋል። ልጆቹ ባሰለፏቸው ተራ ነበር ያስቀመጧቸው፤ የእኔ መጀመሪያ፣ የፌቨን ቀጥሎ።

"ልጅቷስ?" አሉኝ ገና ከመኪናዬ ሳልርቅ።

ደህና ናት አልኳቸው። ከዚያ በቤቱ በግራ በኩል ያለውን አፈር አሳዩኝ፤ አስቆፍረው መድኃኒት አስረጭተውበታል።

"ጠዋት አይቼው ነበር" አሉ። "ከመግባታችሁ በፊት በግራ በኩል እንዳትቆሙ ልነግራችሁ ነበር። ትንፋሽ እየሰበሰብኩ ነበር።"

እኔ የተቆፈረውን አፈር አየሁ።

"ከዚያ አንቺ ጎንበስ ብለሽ ጫማሽን መፍታት ጀመርሽ። ጸሎት መሰለኝ። አንድ ሰው ሲጸልይ አላቋርጥም። ዝም አልኩ።" ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት። "ማቋረጥ ነበረብኝ። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ሳስብ ነው ያደርኩት።"

ከዚያ በፊት ያፈርኩት ሁሉ ማፈር አልነበረም። ከእናቶቹ ፊት፣ ከጽጌ ፊት የተሰማኝ አንድ ነገር ነው፤ ይሄ ሌላ ነው። እኔ ለታይታ የፈታሁትን ክር እሳቸው ጸሎት አድርገው አከበሩልኝ። ስላከበሩኝም ዝም አሉ። ዝም ስላሉም ልጅቷ ልትሞት ነበር። አሁን ደግሞ ጥፋቱን እሳቸው ተሸክመው ከፊቴ ቆመዋል። የለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ልላቸው ሞከርኩ፤ እንግሊዝኛዬ ተሳሰረብኝ። ሰው እንደገባው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያኔ ነው ስማቸውን እንኳ እንደማላውቅ የታወቀኝ። ሚስ ዳናም አልጠየቀቻቸውም፣ ልጆቹም። ጠየቅኋቸው። ሬይ እባላለሁ አሉኝ። ቀጥዬም፣ ትናንት ከመግባቴ በፊት ልጠይቅ ይገባኝ የነበረውን ጠየቅኋቸው፤ እናንተ ዘንድ ቤት የሚገባው እንዴት ነው አልኳቸው። ጫማ ይወለቃል?

ትንሽ ሳቁ። "አያቴ ሕዝባችን ተገፍቶ በሄደበት በኦክላሆማ የጣውላ ቤት ነበራት፤ የሣር ቤት እሷም በወሬ ነው የምታውቀው። ጫማ አታስወልቅም ነበር። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ደጅ ቆመህ ትጣራለህ። ከውስጥ ግባ እስክትባል ትጠብቃለህ።"

እዚህ ላይ ላቁምና ለእናንተ ልናገር። የሰኞው ቃል በማስጠንቀቂያ አለፈ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ነድቻለሁ። ፌቨን ዛሬ ራሷ የልጆች እናት ናት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ጉንዳን ቢነክሳት የምትወጋውን መርፌ ይዛ ነው የምትዞረው። ጽጌ ይቅር ብላኛለች፤ በዓል ሲሆን ጫማ በር ላይ ሳወልቅ ግን ዓይኗ ወደ እግሬ ይሄዳል፣ እኔም አቀረቅራለሁ። ያ ማፈር አልለቀቀኝም፣ እንዲለቀኝም አልፈልግም። እኔ አክብሮት የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌ ሲናገር እንደማይቋረጥ ከቄስ ቤት ተምሬ የወጣሁ ነኝ። የዚያን ቀን ግን ያከበርኩት የአባቴን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሰውየውን ቤት አይደለም። የሰውየው ቤት የሰውየው ነበር፣ ባለቤቱም ከፊቴ ቆመው ገና አልጨረሱም ነበር። እግሬ ሲሰግድ ጆሮዬ ተዘግቶ ነበር። እናንተም ሰው ቤት ስትሄዱ፣ በተለይ የማታውቁት ሰው ቤት፣ ያወቃችሁ ሲመስላችሁ ትንሽ ቆም በሉ።

ወደዚያች ቅዳሜ ልመልሳችሁ፤ ሚስተር ሬይ የአያታቸውን ነገር ነግረውኝ ዘወር አሉና ሣር ቤቱ ውስጥ ገቡ። እኔ ጫማዎቹን ወደ መኪናዬ እስክጭን ሊያርፉ መስሎኝ ነበር። ጭኜ ስጨርስ ግን አልወጡም፤ ደጃፉ ጨለማ ነው፣ ድምፅ የለም። ገባኝ። በሩ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠፋኝ። አባቴ በሰው ደጅ ሲደርሱ የሚሉት ግን አልጠፋኝም።

"ቤቶች!" አልኩ።

መልስ ለመምጣት ቆየ። እኔም አልቸኮልኩም፣ ጠበቅሁ።

"ግቢ" አሉኝ ከውስጥ፣ በቋንቋቸው ይሁን በእንግሊዝኛ እንጃ።

ገባሁ። ጫማዬን አላወለቅሁም።